የካሱሚጋሴኪ በር

ካሱሚጋሴኪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በቶኪዮ መካከል ያለውን የሚኒስቴሮች ሰፈር ነው። እኔ ልጽፍበት ያሰብሁት ግን በዚሁ ስም የሚጠራውን፣ ከቶኪዮ በስተ ሰሜን ምዕራብ በሳይታማ ግዛት፣ በካዋጎዬ ከተማ ያለውን የጎልፍ ክለብ ነው።

ካዋጎዬ የጥንት የመሳፍንት ከተማ ናት፤ ስኳር ድንቿን በጀልባ እየጫነች የዛሬዋን ቶኪዮ ስትመግብ ኖራለች። በ1893 (ዘመኑን ሁሉ የምቈጥረው በአውሮፓውያን ነው) ታላቅ ቃጠሎ በደረሰባት ጊዜ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ቤት ከእሳት ሲተርፍ ነጋዴዎቿ አዩ፤ ሱቆቻቸውንም እንደዚያው አድርገው ሠሩ። እስከ ዛሬም ጎብኚ የሚጐርፈው እነዚያን ቤቶች ለማየት ነው።

የጎልፉ ክለብ ግን እንደ ነጋዴዎቹ ፈጣን አልነበረም። በ1929 ተከፈተ። በ1957 ቶራኪቺ ናካሙራና ኮይቺ ኦኖ የካናዳን ዋንጫ በዚያ ሜዳ አሸንፈው ጎልፍን በአገራቸው የብዙ ሰው ፍቅር አደረጉት። ሴቶች ግን ቢጫወቱም ሙሉ አባል ለመሆን አይፈቀድላቸውም፤ እሑድም ሜዳው የወንዶች ነበር። ሜዳው ለኦሎምፒክ ከተመረጠ በኋላ፣ በ2017 መጀመሪያ፣ የቶኪዮ አገረ ገዥ ዩሪኮ ኮይኬ ነገሩ እንዳልተዋጠላቸው ተናገሩ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም ግፊት አደረገ። ማርች 20 ቀን የክለቡ ቦርድ ደንቡን በአንድ ድምፅ ለወጠ።

ለመሆኑ፣ ጓደኞቼ፣ 88 ዓመት የቆየ ደንብ በሦስት ወር ውስጥ አንድም ተቃዋሚ ሳይገኝበት የሚሻር ከሆነ፣ ቀድሞውንስ ማን ነበር የሚፈልገው? የጃፓን የጥንት ልማድ ነው እንዳይባል፣ ጎልፍን ወደዚያ አገር ያስገባው በኮቤ አጠገብ በሮኮ ተራራ ላይ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ሜዳ ያሠራው እንግሊዛዊ ነጋዴ አርተር ግሩም ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ደንቡን ያቆየው እምነት ሳይሆን ምቾት ነው። የተመቸው ሰው ካልተጠየቀ አይነሣም።

የግል ማኅበር የወደደውን ይቀበላል የሚሉ አሉ። መልካም፤ ለራሱ ብቻ የሚጫወት ከሆነ እስማማለሁ። የመንግሥታትን ሁሉ ጨዋታ በሜዳው ከተቀበለ ግን ደጁ የሁላችንም ጉዳይ ይሆናል። በ2021 ጃፓናዊቱ ሞኔ ኢናሚ በዚያው ሜዳ የብር ሜዳልያ አገኘች። ደንቡ ባይሻር ኖሮ ሜዳልያውን አንጠልጥላ አባል ልሁን ብትል «አይሆንም» ሊሏት ነበር!

ቅር የሚለኝ ለውጡ ለእንግዳ ሲባል መደረጉ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት መጥረግ ደግ ነው፤ የቤቱ ሰዎች ግን በዚያ ሁሉ ዓመት በአቧራው ውስጥ ነበሩ። የሳይታማ ሴት ጎልፍ ተጫዋቾች መብታቸው እንዲታወቅ ኦሎምፒክን መጠበቅ አልነበረባቸውም። ኦሎምፒኩም ቢሆን በወረርሽኙ ምክንያት ያለ ተመልካች ስለ ተካሄደ፣ የካዋጎዬ ሕዝብ የደጁን ውድድር ያየው በቴሌቪዥን ነው።