ውስጡን ለቄስ

አማርኛችን ላዩ ያማረ፣ ውስጡ ግን የማይነገርለት ነገር ሲገጥመው «ውስጡን ለቄስ» ብሎ ያልፈዋል። ቄሱ የንስሐ አባት ናቸውና ገመናውን እሳቸው ይስሙት፤ እኛ ላዩን አይተን እንለፍ እንደማለት ነው። ይህን አባባል ይሽራል ተብሎ ተስፋ ሊጣልበት የሚገባ አንድ የትምህርት ዘርፍ አለ። የውስጥ አርክቴክቸር ይባላል። ሰው የሚኖረው በሕንጻ ፊት ሳይሆን በሕንጻ ሆድ ውስጥ ነው ብሎ የተነሣ ሙያ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ «ዘላቂ» የሚል ቅጽል ታክሎለት፣ ዘላቂ የቦታ ንድፍ እየተባለ በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ስሙ መልካም ነው፤ ጠቤም ከስሙ ጋር አይደለም። ጠቤ፣ ይህ ጥበብ ወደ እኛ ከተሞች ሲደርስ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ሁለተኛ ላይ ሆኗል፤ ከውጭው ግድግዳ ቀጥሎ የሚደረብ ሌላ ካባ ሆኗል በማለት ነው።

ባለሙያው መቼ እንደሚጠራ ልብ በሉ። ቤቱ ታስቦ፣ ተቆፍሮ፣ ቆሞ፣ ጣራ ለብሶ ካበቃ በኋላ «እስቲ አሳምርልኝ» ይባላል። ያን ጊዜ የጂፕሰም ኮርኒስ በሦስት ደረጃ ይሰቀላል፤ በእጥፋቱ ውስጥ ሰማያዊ መብራት ይቀበራል። ግድግዳው እንጨት በሚመስል ፕላስቲክ፣ ወለሉ እብነ በረድ በሚመስል ሴራሚክ ይለበሳል። እያንዳንዱ ነገር ያልሆነውን ለመምሰል በብዙ ገንዘብ የተገዛ ነው። ተማሪውም ገበያውን እያየ ይማራል። በኮምፒውተር ያቀነባበረው ሥዕል ከደመቀ ሥራው ደመቀ ይባላል። በሥዕሉ ውስጥ ሰው የለም፤ ካለም ከባዕድ የምስል ቋት የተቀዳ፣ ቆሞ ቡና የሚጠጣ ቀጭን ፈረንጅ ነው። ልጅ አያለቅስም፤ ሽንኩርት አይቁላላም፤ አሮጊት እናት እግራቸውን ዘርግተው የሚቀመጡበት ስፍራ የለም።

ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር። ነገሩ ግን የሀብትና የዕድሜ ጉዳይ ነው። እንግሊዛዊው አርክቴክት ፍራንክ ደፊ ሕንጻን በተለያየ ፍጥነት እንደሚያረጁ ንብርብሮች አድርጎ ተመለከተው፤ አሜሪካዊው ጸሐፊ ስቱዋርት ብራንድም ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ አስፋፋው። የሕንጻ አጥንት ከ30 እስከ 300 ዓመት ይቆማል። ቧንቧና ሽቦው ከ7 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል። የውስጥ ክፍፍሉ ግን በንግድ ቤቶች ገና 3 ዓመት ሳይሞላው ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ በሕንጻው ዘመን ሁሉ ውስጡን ለማፍረስና መልሶ ለመሥራት የሚወጣው ወጪ ሕንጻውን ለማቆም ከወጣው ሊበልጥ ይችላል። ብክነቱ ያለው ውስጥ ነው። ተከራይ በተለወጠ ቁጥር የሚወርደው ኮርኒስ፣ የሚሰበረው ሴራሚክ፣ ከበር ላይ በአይሱዙ ተጭኖ የሚሄደው ፍርስራሽ፣ ይህ ሁሉ የዚህ ሙያ ድርሳን ነው። «ዘላቂ» የሚለው ቃል በዚህ ክምር ላይ ሲለጠፍ ዝም ብሎ የሚያይ መምህር ምን እያስተማረ ይሆን?

እስቲ ቃሉን ራሱን እንጠይቀው። ዘለቀ ማለት ቆየ፣ ጸና ማለት ነው። ዘለቀ ማለት ደግሞ ገባ፣ እስከ ውስጥ ደረሰ ማለት ነው። እንግዳ ደጃፍ ላይ ሲያመነታ «ይዝለቁ» እንለዋለን፤ ትዳር ሲጸናም «ዘለቀላቸው» እንላለን። ቋንቋችን ለመግባትና ለመቆየት አንድ ግስ ሰጥቶናል። ላይ ላዩን የቀረ ነገር ዘላቂ ሊሆን አይችልም፤ በአማርኛ ይህ የቃል ተቃርኖ ነው። ሙያውን በባዕድ ቋንቋ ብቻ የሚያጠናው ልጅ ይህ ፍንጭ አይደርሰውም። የሚደርሰው የምስክር ወረቀትና የቀለም ናሙና ነው።

አሁን ደግሞ «አረንጓዴ» ተብሎ የሚሸጠውን እንመልከት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ቀኑ ለዘብ ያለ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ወፍራም ግድግዳ፣ የሚከፈት መስኮትና ጥቂት ጥላ የሚበቃው አየር ነው። እኛ ግን ሕንጻውን በመስተዋት እንጠቀልለዋለን፤ ፀሐይ ገብታ መውጫ ታጣለች፤ ሰው ይጋገራል፤ ማቀዝቀዣ ይገዛል፤ በመጨረሻም መግቢያው ላይ አንድ ማሰሮ ተክል ተቀምጦ «ተፈጥሮን ያከበረ» ይባላል። የኤሌክትሪክ ኃይላችን በአብዛኛው ከግድብ የሚመጣ ነውና የእኛ ዋና ጥያቄ አምፖሉ አይደለም፤ ቁሱ ነው። ሲሚንቶ ሲመረት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከነዳጁ አይደለም፤ የኖራ ድንጋዩ ሲቃጠል ከራሱ ከድንጋዩ የሚወጣ ነው። ምድጃውን የቱንም ያህል ብናጸዳው ያ አይቀርም። ይህን ሒሳብ ሳያውቅ የሚመረቅ ነዳፊ ግድግዳ ቀባ እንጂ ምን ነደፈ?

ውስጥን የሚያውቁ ቤቶች ግን አሉን። የሐረሪን ቤት እንውሰድ። ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍራለች፤ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሣው ግንቡና በሮቿ ነው። የቤቱ ጥበብ ያለው ግን ከውስጥ ነው። ከውጭ ሲታይ ስለ ራሱ ብዙ የማይናገር ግድግዳ ነው፤ ሲዘልቁት «ነደባ» የሚባሉ፣ ከፍታቸው የተለያየ መደቦች ይቀበሉዎታል። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ በዕድሜና በክብር፣ መደቡ ራሱ ይናገራል። የዕቃ ማስቀመጫው ከግድግዳው ውስጥ ተቦርቡሮ የወጣ ነው። ግድግዳውን የሚያስጌጠው በሴቶች እጅ የተሰፋ ስፌት ነው። ሶፋ አይገዛም፤ ቁም ሣጥን አይገባም፤ ቤቱ ራሱ ዕቃ ነው። የዶርዜ ሰዎች ከቀርከሃ የሚሸምኑት ቤት ደግሞ ሌላ ጥበብ ያስተምራል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል እንጂ ወዲያው አይወድቅም፤ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ አንሥቶ ያዛውረዋል። ማርጀቱ ከመታነጹ ጋር አብሮ የታሰበለት ቤት ነው። በዛሬው የዘላቂነት መማሪያ ውስጥ ይህ ሐሳብ እንደ አዲስ ግኝት ሲቀርብ አያለሁ።

ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች ሆይ፣ ጉዳዩ እናንተንም ይመለከታል። ግጥማችን ዜማውን የሚገጥምበትን ፊደል «ቤት» ብሎ የጠራ ሕዝብ ነን፤ ግጥም ቤት ካልመታ ግጥም አይባልም። እልፍኝ አስከልካይና አጋፋሪ የሚባሉ ሹመቶች የተወለዱት ከቤት ውስጥ አሰላለፍ ነው። የአባት ክብር በምሰሶ፣ ምሥጢር በጓዳ ይነገራል። ጭቃና ሊጥ በአንድ ግስ ይቦካሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን፤ ቆጥ ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚሠራ፣ ከምድጃው በላይ ስለምን እንደሚሰቀል ከልጆቻችን ስንቱ ያውቃል? ቃሉ በተረት ውስጥ ቀረ፤ ነገሩ ጠፋ። የቤቱን ክፍል ስም የማያውቅ ነዳፊ ክፍሉን ሊያስታውሰው አይችልም፤ ያላስታወሰውንም አይሠራውም። እኛም የሆንነው እንደ ተረቷ ሴት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ወደ ጎጆ መልሰን ልትል ነውን?» እባላለሁ። አይደለም። ናፍቆት ንድፍ አይሆንም። የጭቃ ቤት ቋሚው በምስጥ ይበላል፤ ሥሩ በዝናብ ይቦረቦራል፤ ጭሱ ዓይን ያጠፋል። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋትሂ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሉክሶር አቅራቢያ አዲስ ጉርናን በጭቃ ጡብ አነጸ። ጉልላቱ ውብ ነበር፤ እንዲገቡበት የታሰቡት መንደርተኞች ግን አብዛኞቹ አሻፈረን አሉ። ኑሯቸው ካለበት መነሣት አልፈለጉም ነበርና። ጭቃ ብቻውን ዘላቂ አያደርግም። ነዋሪው ያልገባበት ንድፍ በሲሚንቶም በጭቃም ላይ ላዩን ነው።

ትምህርት እስከ ውስጥ ሊዘልቅ እንደሚችል ግን ማስረጃ አለ። የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ በበርሊን ገና ተማሪ ሳለ ለትውልድ መንደሩ ለጋንዶ ትምህርት ቤት ነደፈ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። መንደርተኛው ራሱ ባመረተው የሸክላ አፈር ጡብ ግድግዳው ተሠራ። ቆርቆሮው በኮርኒሱ ላይ አልተጣበቀም፤ ከፍ ብሎ ለብቻው ቆመ። ቆርቆሮው ሲግል በመካከሉ ነፋስ ያልፋል፤ በክፍሉ ውስጥ የሞቀው አየርም በኮርኒሱ ክፍተቶች ሽቅብ ይወጣል። ማሽን የለም፤ ልጆቹ ግን አይጋገሩም። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። በአገራችንም በአዲስ አበባው የሥነ ሕንጻ ተቋም ግቢ፣ ልደታ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ግድም ከዙሪክ ባልደረቦች ጋር ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ተሠርቷል፤ የታችኛው ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር፣ የላይኛው የጭቃ ጡብ ነው። እንግዲህ መንገዱ አልጠፋም፤ ሰው ይጎድለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ማድቤት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። የሚሞቱት በሆቴል መግቢያ ውስጥ አይደለም፤ በማገዶና በከሰል ጭስ መካከል ነው። በአገራችንም አብዛኛው ቤተሰብ የሚያበስለው በዚሁ ነው። ከዚህ የሚበልጥ የውስጥ አርክቴክቸር ጥያቄ ካለ ይነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኢትዮጵያ የተቀረጸው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ፣ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ሆኖ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ሳንባን ግን ያተርፋል። ስንት የውስጥ ንድፍ ተማሪ ይህን ምድጃ ለክቶ፣ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ነድፎ ያውቃል?

ኮንዶሚኒየሙንም አስቡት። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመዲናዪቱ ከመቶ ሺህ በላይ ቤቶች ተሠርተዋል። በየቅጥሩ ለማብሰያ፣ ለማረጃና ለልብስ ማጠቢያ የጋራ ሕንጻ መታቀዱ፣ ኑሮው እንደታሰበ ያሳያል፤ ነገር ግን ኑሮው ከቤቱ ወጥቶ ግቢ ቆመ። ቤቱ ውስጥ የቀረው ስፋቱ የተቆጠበ ክፍል ነው። በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ መኝታን፣ ጥናትን፣ ሐዘንን፣ ማኅበርንና የገና ዕለት እንግዳን እንዴት እናስማማ? ለነዳፊ ከዚህ የከበረ የመመረቂያ ርእስ የለም። በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሚሰቀለው ግን የቅንጦት ሆቴል ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተማሪው በመጀመሪያ ዓመቱ ሰው የሚኖርበትን አንድ ቤት ይለካ፤ የክፍሎቹንና የዕቃዎቹንም ስም በነዋሪው ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ በሐረሪም ይሁን በጋሞኛ፣ ጽፎ ያምጣ። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ንድፍ ጋር ሒሳብ ይቅረብ፤ ይህ ቁስ ከየት መጣ? ስንት ዓመት ይቆያል? ሲነቀል ወዴት ይጣላል? ይህን የማይመልስ ሥዕል፣ የቱንም ያህል ቢደምቅ፣ አይለፍ። ሦስተኛ፣ በመመዘኛው ወንበር ላይ ከመምህራኑ ጎን እንጀራ የምትጋግርና ቤት የምትጠርግ ሴት ትቀመጥ። እሷ «እዚህ ምጣዱን የት ላድርገው?» ስትል መልስ የሚያጣ ዲግሪ ለጊዜው ይቆይ።

ውስጡን ለቄስ ብለን ላዩን ብቻ ስናስጌጥ ብዙ ቆየን። ሆኖም ቄሱ እንኳ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ከሳሎን አይመለሱም፤ ጓዳውንም ማድቤቱንም ያዳርሳሉ። የውስጥ ጥበብ መምህራን፣ እባካችሁ፣ ቢያንስ ያን ያህል ዝለቁ።