ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ

ይድረስ ለፎርሙላ ዋን ቡድን ኃላፊዎች፤

የውድድር መኪና ወንበር እንደ ታክሲ ወንበር ማንም ገብቶ የሚቀመጥበት አይደለም። አሽከርካሪው መኪናው ውስጥ ይቀመጥና ከጀርባው ፈሳሽ አረፋ ይሞላል፤ አረፋው ሲደርቅ የወገቡንና የትከሻውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። የእሱ ልክ ነው፤ ለሌላ ሰው ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል። ይህ ደብዳቤ ባለወንበሩ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለሌላ ሰው ስለሚለካው ወንበር ነው።

መለካቱ አይደለም የሚያስከፋው። ቀጣዩ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሦስት ሳምንት አይርቅም፤ ስፖንሰሩ ገንዘቡን ከፍሏል፤ ነጥቡም ይቆጠራል። የሚያስከፋው አሠራሩ ነው። ተተኪው ማን ነው? እስከ መቼ ይነዳል? የተጎዳው ሲድን ምን ሆኖ ነው የሚመለሰው? ይህን ሁሉ ረጋ ባለ ጊዜ ተነጋግሮ መጨረስ ሲቻል፣ አደጋው ከደረሰ በኋላ በጥድፊያ ሲወሰን ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ኦገስት 1 ቀን 1976 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የፌራሪው ኒኪ ላውዳ ኑርቡርግሪንግ ላይ ተጋጭቶ መኪናው ነደደ። ጎትተው ያወጡት እዚያው የደረሱ ሌሎች ተወዳዳሪዎች ናቸው። ሆስፒታል ቄስ መጥቶ የመጨረሻውን ጸሎት አደረሰለት። ፌራሪ በኦስትሪያው ውድድር ጨርሶ አልታየም፤ ወደ ሆላንድ የላውዳን የቡድን ጓደኛ ክሌይ ሬጋዞኒን ብቻውን ላከ። በዚህ መሃል ካርሎስ ሮይተማንን ከብራብሃም አስመጣ። ላውዳ ደግሞ በስድስት ሳምንቱ ተነሣ። ሞንዛ ላይ ሦስት ቀይ መኪኖች ተሰለፉ፤ ላውዳ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ደም በፋሻው እያለፈ ነድቶ አራተኛ ወጣ። ሮይተማን ዘጠነኛ ሆነ።

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ጀግንነት ነው፤ ጀግንነትም ነው። ላውዳ ራሱ ግን በኋላ የሮይተማን መምጣት ጫናውን በማቅለል ፈንታ እንዳከበደበት ተናግሯል። ሌላ ሰው ወንበሩ ደጃፍ ላይ ቆሞ እያየ በሽተኛ እንዴት ተረጋግቶ ይተኛል? ሒሳቡን የከፈለው ደግሞ ሦስተኛው ሰው ነው። ሬጋዞኒ በሆላንድም በሞንዛም ሁለተኛ ወጥቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ቦታው ለሮይተማን ተሰጠ። ላውዳም 1977ን ሻምፒዮን ሆኖ፣ ሁለት ውድድር ሲቀር ፌራሪን ጥሎ ሄደ።

ያ የኤንዞ ፌራሪ ዘመን ነው፣ አልፏል የሚል አይጠፋም። እንግዲያውስ ጁላይ 25 ቀን 2009ን ያስታውስ። ሃንጋሪ ላይ በሰዓት ማጣሪያው ከሩበንስ ባሪኬሎ መኪና ላይ አንዲት ሞላ ወለቀች። ክብደቷ 800 ግራም ገደማ ነበር፤ አስፋልቱ ላይ እየነጠረች መጥታ የፌራሪውን የፌሊፔ ማሳን ሄልሜት ከግራ ዓይኑ በላይ መታችው። ማሳ ራሱን ስቶ ከጎማው አጥር ጋር ተጋጨ።

በአራተኛው ቀን ፌራሪ ተተኪውን አሳወቀ፤ ውድድር ካቆመ ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የ40 ዓመቱ ሚካኤል ሹማኸር። ዓለም ጨፈረ። ሹማኸር ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ አንገቱን ተጎድቶ ነበር፤ በአሮጌ መኪና ሞክሮ አንገቱ እንቢ አለው። ስሙን ለዓለም ከማወጅና አንገቱን ከመፈተሽ የትኛው ይቀድማል? በዚህ ቤት የቀደመው አዋጁ ነው።

ከዚያ ሉካ ባዶየር ተጠራ። ባዶየር ለዓመታት የፌራሪ የሙከራ ነጂ ነበር፤ ውድድር ላይ ከተሰለፈ ግን አሥር ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ በውድድር ወቅት ሙከራ ማድረግ ተከልክሏል፤ ስለዚህ መኪናውን የለመደው ቫሌንሲያ ላይ፣ ካሜራ ፊት ነው። አርብ ዕለት ብቻ የፒት ሌኑን የፍጥነት ገደብ አራት ጊዜ ጣሰ፤ በማጣሪያው መጨረሻ ወጣ። በስፓ እንደገና መጨረሻ ወጣ፤ በዚያው ቀን ኪሚ ራይከነን በዚያው ዓይነት መኪና አሸነፈ። ጋዜጦች ተሳለቁበት፤ ከሁለት ውድድር በኋላ ተነሣ። ጃንካርሎ ፊዚኬላ ተተክቶ አምስት ውድድር ነዳ፤ አንድም ነጥብ አላገኘም። ፊዚኬላ ከዚያ በፊት በነበረው በስፓው ውድድር በፎርስ ኢንዲያ መኪና ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው። ችግሩ የነጂ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱ ይፈታው ነበር።

ለፌራሪ የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል፤ ማሳን ጠብቆታል። ማሳ 2010ን ባህሬን ላይ ሁለተኛ ሆኖ ጀመረ። ነገር ግን ጁላይ 25 ቀን 2010፣ ሞላዋ ከመታችው ልክ በዓመቱ፣ ሆከንሃይም ላይ እየመራ ሳለ የቡድን ጓደኛው ፈርናንዶ አሎንሶ ከእሱ እንደሚፈጥን በሬዲዮ ተነገረው። ገባውና ለቀቀ። ቡድኑ 100,000 ዶላር ተቀጣ። ወንበሩ ተመልሶለታል፤ ከነክብሩ ስለመመለሱ ግን ማንም ያረጋገጠለት አልነበረም።

የ2011 ነገርማ ይብሳል። ሮበርት ኩቢትሳ በራሊ አደጋ ቀኝ እጁ ክፉኛ ሲጎዳ ሬኖ ብሩኖ ሴና የሚባል ተጠባባቂ በእጁ ነበረው። እሱን ዘሎ ልምድ አለው ብሎ ኒክ ሃይድፌልድን ቀጠረ። ሃይድፌልድ ማሌዥያ ላይ ሦስተኛ ወጣ፤ ከቡድን ጓደኛው የበለጠ ነጥብ ሰበሰበ። በኦገስት ግን ተነሥቶ ያ በፌብሩዋሪ የታለፈው ሴና ገባ። ጉዳዩ ለንደን ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት አለቀ። ሴና ለኦገስት ከበቃ ለፌብሩዋሪ ምን አነሰው?

እነዚህ ቡድኖች አራት ጎማ በሦስት ሰከንድ የሚቀይሩ ናቸው። የፊት ክንፍ ቢሰበር ሌላው ቀለሙ ሳይቀር ተሰናድቶ ይጠብቃል። ለሰው ሲሆን ዝግጅቱ የት ይገባል? የዚህ ደብዳቤ ጥያቄ ትንሽ ነው። የተተኪው ስም፣ የሚነዳበት ጊዜና የተጎዳው የሚመለስበት ሁኔታ ወቅቱ ሳይጀመር በሁለቱም ነጂዎች ውል ላይ ይጻፍ። ለመንዳት በቅቷል የሚለውን ሐኪም ይበል፤ ሐኪሙ ሳይናገር መግለጫ አይውጣ። ዛሬ ደንቡ ቡድኖች በአንዳንድ የአርብ ልምምዶች ለጀማሪዎች መኪና እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ባዶየር ይህ ዕድል አልነበረውም። ነገር ግን አርብ የሚነዳው ልጅና እሁድ ሊጠራ የሚችለው ተጠባባቂ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም።

መቸኮል ግዴታ እንዳልሆነ ያሳየው ከድሆቹ ቡድኖች አንዱ ነው። ኦክቶበር 5 ቀን 2014 የማሩሲያው ዡል ቢያንኪ ሱዙካ ላይ በዝናብ ከማንሻ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጨ። በሳምንቱ ሶቺ ላይ ማሩሲያ መጀመሪያ የአሌክሳንደር ሮሲን ስም አስገባ፤ ከዚያ ሐሳቡን ቀይሮ ስሙን አወጣው። ማክስ ቺልተን ብቻውን ተሰለፈ፤ ውድድሩንም አልጨረሰም። የቢያንኪ መኪና፣ 17 ቁጥር፣ ተገጣጥሞ ጋራዡ ውስጥ እንደቆመ ዋለ።