መደርደሪያው ስም አለው፣ ጓንቱስ?

ያኔ ቢ.ፒ.አር. ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመና «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት» የሚለው ጽሑፍ ሆስፒታሎቻችን ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተለጠፈ። መልካም! ካርድ ፍለጋ ስትዋትት ለምትውል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሥራው መቅለሉን አልክድም። ግን ዘመድ ላሳክም በሄድኩበት ሆስፒታል «ጓንት» የሚል የተለጠፈበት መደርደሪያ ባዶውን ተገትሮ፣ ጓንቱን ከውጪ ግዙ ተባልን። ይህን የነገረችን ነርስ ዓይናችንን ማየት አፍራለች። ለእሷ ይሄ የምን ማሻሻያ ነው? ጃፓኖቹ ሐሳቡን ከሠራተኛው ይቀበላሉ፤ እኛ ዘንድ በሰርኩላር ከላይ ይወርዳል፣ እሷ ቅጽ ትሞላለች። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዙ አላኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙማ በርካቶቹ ታሰሩ! ለመሆኑ ዲዩቲ አድራ ጠዋት ለታክሲ የምትበደረውን ነርስ፣ ምን ቢሻሻል ይሻልሻል ብሎ የጠየቃት ሹም አለ?