መዝግቡ! ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለሰሜን ተራሮች ግርጌ ሰው የቀረበ ጥሪ

ያገሬ ሰው፣ ጭናን አስቡ።

በነሐሴ 2013 መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ዳባት ወረዳ ጭና ገብተው ቀናት ቆዩ። ከወጡ በኋላ ወገን ወገኑን እየፈለገ ቀበረ። ጳጉሜን 3 ቀን ሮይተርስ የአካባቢውን ባለሥልጣናት ጠቅሶ 120 ሲቪሎች መገደላቸውን ዘገበ። ሕወሓት አስተባበለ። ከሦስት ወር በኋላ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ15 የተለያዩ ክስተቶች 26 ሲቪሎች መረሸናቸውን አረጋግጫለሁ አለ።

ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። አንዱ ሬሳ ቆጥሯል፤ ሌላው እያንዳንዱ እንዴት እንደተገደለ ምስክር ጠይቋል። ግን በ120 እና በ26 መካከል የቀረው ሰው ማን ነው? ስም አለው። እናት አለችው። የተቀበረበት ደብር አለ። የጭና ሰው አንድ በአንድ ያውቀዋል።

የጭና ሰው ግን የሚጠየቅ እንጂ የሚጽፍ አልነበረም። ሌላው መጣ፣ ጠየቀ፣ የሚበቃውን ያህል ይዞ ሄደ። ባልተጻፈው ክፍተት ውስጥ አስተባባይ ገባበት።

ይህ እንዳይደገም የምንችለው እኛው ነን። ጊዜውም አሁን ነው፤ ያየ ሰው በሕይወት ሳለ፣ ቀኑ ሳይምታታ።

ያልተጻፈው የጭና ብቻ አይደለም። ስለ ሰሜን ተራሮች ዓለም ብዙ ያውቃል። ብሔራዊ ፓርኩ በ1970 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1989 አደጋ ላይ ያለ ቅርስ ተባለ፣ በ2009 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ይህ ሁሉ ተዘግቧል። የዋልያ ቆጠራ ይዘገባል፣ የጭላዳ ፎቶ በየመጽሔቱ ይወጣል። በ2008 ከፓርኩ ውስጥ፣ ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ ዳር እንዲሰፍሩ የተደረጉት አባወራዎችስ? ገብሱን፣ የግጦሽ መሬቱን፣ የአባቶቹን መቃብር ትቶ የወጣው ገበሬ ዛሬ በምን ይተዳደራል? ካሳው ምን ላይ ዋለ? ልጆቹ ተማሩ ወይስ ተበተኑ? በየዓመቱ እየሄደ የሚጠይቃቸውና መልሳቸውን የሚጽፍ ሰው ከመካከላችን ይውጣ።

ድርቁንም አስታውሱ። በ2015ቱ ክረምት ጃን አሞራ፣ በየዳና ጠለምት ዝናብ ከዳቸው፤ ከብቱ አለቀ፣ ሰው ተሰደደ። በጥር 2016 የእንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 44 ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ። ባለሥልጣናት ደግሞ በረሃብ የሞተ የለም ይሉ ነበር። በዚያ ሰዓት የአማራ ክልል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል፣ ጋዜጠኛው ወይ ታስሯል ወይ ፈርቷል። ከገደሉ ማዶ ያለች እናት ልጇን ብትቀብር ማን ይሰማታል? የሚሰማት የጎጥ ጎረቤቷ ብቻ ነው። ጎረቤቷ ይጻፍ!

«እኛ ምን እናውቃለን?» የሚል ካለ ዳባትን ይመልከት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚህ ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍልሰትን ከቤት ቤት እየዞረ ያስመዘግባል። ሰው ሲሞት መዝጋቢው ቤተሰቡን ቁጭ ብሎ ይጠይቃል፦ መቼ ታመመ? ምን ምልክት ታየበት? ስንት ቀን ተኛ? ያገራችን ሰው ይህን ጠይቆ መጻፍን ያውቃል። አባቶቻችንም ወንጀል ሲፈጸም አውጫጭኝ ተቀምጠው ማን አየ፣ ማን ሰማ ብለው መንደሩን በሙሉ ይጠይቁ ነበር።

ሕንድ ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. የገጠር ሴቶች፣ ብዙዎቹ በዘር ንቀት ከሰው በታች የተቆጠሩ ዳሊቶች፣ ካባር ላሃሪያ የሚባል ጋዜጣ ማውጣት ጀመሩ። የቀበሌያቸውን መንገድ፣ ጉድጓድ፣ መደፈርና ሙስና ራሳቸው ዘገቡ፤ ኋላም በስልካቸው ቪዲዮ መሥራት ጀመሩ። ለእነሱ የተቻለ ለበየዳ ሴት አይቻልም?

እንግዲህ እንጀምር። ደብተር ግዙ። በአንድ ገጽ አንድ ጉዳይ ብቻ ጻፉ፦ የተጎዳው ሰው ስም ከነአባት፣ ጎጥ፣ ቀበሌ፣ ቀን፣ የሆነው ነገር። ከሥሩ «አየሁ» ወይም «ሰማሁ» በሉ። ከሰማችሁ ከማን እንደሰማችሁ ለዩ። ሁለተኛ ምስክር ፈልጉ፤ እስክታገኙ አንድ ሰው ብቻ እንደተናገረ ይጻፍ። ያልተረጋገጠ ነገር በጥድፊያ ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ። አንድ የተጋነነ ቁጥር መቶ እውነተኛ ስም ያስክዳል።

የጻፋችሁትን ለተናገረው ሰው አንብቡለት። ይህ የኔ ነው ይበል፣ ወይ ያርመው፣ ወይ ይቅርብኝ ይበል። የተደፈረች ሴት ካልፈቀደች ስሟ አይጻፍ። የልጅ ፊት አይታይ። በሕይወት ያለ ምስክር ስም ግን ከታሪኩ ጋር በአንድ ደብተር አይቀመጥ፤ በሌላ ደብተር ይያዝ። የሰው ደኅንነት ይቀድማል!

የዕድር ጸሐፊ ሆይ፣ መዝገብህ ውስጥ ያለው የሞተ ሰው ስም ቀላል ነገር አይደለም፤ ጠብቀው፣ ግልባጭ አስቀምጥ። አባቶቼ ቀሳውስት፣ ማን የት እንደተቀበረ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በየጎጡ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። የበቅሎ ጫኞችና የፓርክ አስጎብኚዎች፣ መረብ በሌለበት የሚያልፈውን እናንተ ታያላችሁ። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ዕረፍት ስትወጡ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ድምፃቸውን ቅዱ።

የአለምዋጭን የስደተኞች መጠለያም አትርሱ። እዚያ፣ ዳባት አጠገብ የሰፈሩት ኤርትራውያን ስደተኞች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስለ ዝርፊያና ስለ ጥቃት ደጋግመው አቤት ብለዋል። እነሱም ይናገሩ፣ ይጻፉ። ጥፋተኛው የኛ ሰው ቢሆንም ይጻፍ! የራሱን ጥፋት የሚሸሽግ መዝገብ ስለ ጭናም አይታመንም።

ጋዜጠኞች፣ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ስትመጡ ሰው ጠይቃችሁ ብቻ አትመለሱ። ደብተር ከያዙት ጋር ተቀመጡ፣ አብራችሁ አጣሩ፣ የሠራችሁትን መልሳችሁ አሰሙ። በውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ ወሬ ከማራባት ለአንድ ወጣት ስልክና መቅረጫ ግዙ።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። ከ1987 ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ለማኅበረሰብ ሬዲዮ ቦታ ሰጥቷል። ደባርቅ የራሷን ሬዲዮ ትጠይቅ! ዳባት ትጠይቅ! የወረዳ ባለሥልጣናት፣ የሚጽፈውን ሰው እንደ ጠላት አትዩት፤ ድርቁን ቀድሞ የሚነግራችሁ እሱ ነው። በጽሑፉ ምክንያት የታሰረ ይፈታ። የሚታሰር ካለ ደግሞ በዚያው ቀን ስሙን፣ የተያዘበትን ቦታና የያዘውን አካል ጻፉ፣ ለቤተሰቡና ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቁ፣ ብቻውን አትተዉት።

በመጪው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ፣ ወይም ዕድር ስትቀመጡ፣ ሦስት ሰው ሁናችሁ ተነጋገሩ። ማን ይጻፍ፣ ማን ያጣራ፣ ማን ግልባጩን ይያዝ ብላችሁ ወስኑ። የመጀመሪያውን ስም በዚያው ዕለት ጻፉ።