«በወር ይቺን ብቻ ጨምሪ!»

አንድ የአዲስ አበባ አንባቢያችን እንዲህ ሲል ጽፎልናል፦ «ሜሪላንድ ያለችው እህቴ አዲስ መኪና በ6 ዓመት ብድር ልትገዛ ነው። ሻጩ የወንበር ማሞቂያ፣ የጣራ መስኮት፣ ምኑ ቅጡ እያለ 'በወር 25 ዶላር ብቻ ነው የሚጨምረው' ይላታል። ለእኔ የምትቆርጥልኝም ከዚያው ደሞዝ ስለሆነ ነገሩ ይመለከተኛል። ምን ልበላት?»

ወንድማችን፣ መጀመሪያ 25ን በ72 ወር አባዛላት። 1,800 ዶላር! ያቺ «ብቻ» የምትባል ቃል ስንቱን ጉድ ሠርታዋለች መሰለህ! ሻጭ ጠቅላላውን ትቶ በወር በወር እየቆረሰ የሚያወራው ሒሳብ ጠፍቶት አይደለም። ማስታወቂያውም ያው ነው፤ በትልቁ «ከዚህ ዋጋ ጀምሮ» ይላል፣ ፎቶው ላይ የምትታየው መኪና ግን ሁሉ የተሟላላት ናት። ይህን የሚናገረው ጽሑፍ ማጉሊያ ያስፈልገዋል። ማሞቂያውን ብቻ ብትፈልግ እንኳ ከሌላ ሦስት ነገር ጋር «ፓኬጅ» ተብሎ ታስሮ ሊመጣባት ይችላል።

ይህስ የቆየ ነው። አዲሱ ጉድ መኪናው ላይ ተገጥሞ ለመጣ ዕቃ ኪራይ መጠየቁ ነው። ቢኤምደብልዩ በ2022 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኮሪያ የፊት ወንበር ማሞቂያን በወር 18 ዶላር ገደማ አቀረበ። ማሞቂያው እኮ ወንበሩ ውስጥ አለ! የሚከፈለው ለማብሪያው ፈቃድ ነው። (እርግጥ አንዴ ከፍሎ መገላገልም ይቻል ነበር።) ሰው ጮኸ፤ በ2023 ድርጅቱ የማሞቂያውን ኪራይ እንደሚተው ተናገረ። መርሰዲስ ደግሞ በ2022 አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ፈጠን ብለው እንዲነሱ በዓመት 1,200 ዶላር ጠየቀ።

በ2020 የተዘገበው የቴስላ ነገር ይብሳል። አንድ ሰው ያገለገለች ቴስላ ከነጋዴ ይገዛል፤ ራሷን በከፊል የምትነዳበት ሥርዓት አላት ተብሎ ነው። ኩባንያው አልተከፈለበትም ብሎ ከሩቅ ዘጋበት! የተመለሰለት ወሬው ከወጣ በኋላ ነው። አንተም እዚህ ደላላ «ፉል ኦፕሽን ናት!» ሲልህ ይህን አስብ።

እና እህትህ ሻጩን በጽሑፍ ትጠይቀው፦ ዕቃው ለብቻው በጥሬው ስንት ነው? መክፈል ባቆም ምን ይዘጋብኛል? መኪናውን ብሸጠው ለገዢው ይተላለፋል? ከተንተባተበ ሌላ ሻጭ ዘንድ ትሂድ። ማሞቂያውን ከልቧ ከወደደችው ግን ትግዛ፤ የሜሪላንድ የጥር ብርድ አይጣል ነው። አንተም 25 ዶላሩ ከእኔ ይቀነሳል ብለህ አታስቀርባት!