ይጾማሉ ወይ?
ሲያትል ውስጥ ሬኒየር ጎዳና ላይ ባለ መድኃኒት ቤት ወረፋ ስጠብቅ ያየሁት ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። ወጣቷ ፋርማሲስት ለአንዲት ያገሬ እናት የስኳር ክኒን፣ ግሊፒዛይድ፣ እያቀበለች ‹‹ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ይውሰዱ›› አለቻቸው። ልጃቸው ተረጎመችላቸው፤ እሳቸውም ‹‹እሺ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ›› ብለው ወጡ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። እንዲህ ያሉ እናቶች ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምሱም። ክኒኑ ደግሞ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፋ፣ ምግብ ካልተከተለው ስኳር ወርዶ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲብስም ራስን መሳት ያመጣል። ይህን የትኛውም የፋርማሲ ተማሪ በሚገባ ይማረዋል፤ ፋርማሲስቷ ግን ይጾሙ እንደሆነ አልጠየቀቻቸውም። እዚሁ ከተማ ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ዕፅዋት ቦታ በ1911 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ተማሪው ተክሉን በዓይኑ አይቶ እንዲያውቅ ነበር፤ ታማሚውንም ከነማዕዱ ማወቅ የትምህርቱ አካል መሆን አለበት እላለሁ። ኦርቶዶክሱ ዐቢይ ጾምን፣ ሙስሊሙ ረመዳንን በሚጾምበት ከተማ ‹‹ይጾማሉ? መቼ ነው የሚበሉት?›› ብሎ መጠየቅ እንደ መጠን ስሌት ሁሉ ፈተና ላይ ይምጣ፤ ያልጠየቀም አይለፍ።