«ጎመን በጤና» እያልን ጎመኑን የት ጣልነው?

ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ላስረዳችሁ አልመጣሁም። ልወቅሳችሁ ነው የመጣሁት፤ ወቀሳው እኔንም ይመለከታል።

ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ የሰሜን ሸዋ ልጆች ናችሁ፤ የአንኮበር፣ የባሶና፣ የተጉለት፣ የመንዝ። እናታችሁ ድስቱን ጥዳ «ሩጥ፣ ጎመን ቀንጥሰህ ና» ስትል የምትሮጡት ወደ ጓሮ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱ ከካቡ ሥር፣ ድንቹ ከበረቱ ጀርባ፣ ጤና አዳሙ ከአጥሩ ጥግ። ማንም «አትክልት ብሉ» ብሎ አልመከራችሁም፤ ጓሮው ራሱ ያበላችሁ ነበር።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ቤት ሠርታችኋል፤ እሰይ፣ ደስ ይላል። ግን ግቢውን እንየው። ከአጥር በሩ እስከ ሳሎኑ ደጃፍ ሲሚንቶ ነው። ጭቃ እንዳይገባ ተብሎ አንዲት ክንድ አፈር እንኳ አልቀረችም። ለጎመን ገበያ ትወጣላችሁ፤ ከዚያም ሲወደድ ትተዋላችሁ።

ከዚያ ወደ እኛ ትመጣላችሁ። «ዶክተር፣ ደሜ አንሷል»፣ «ሆዴ ደርቋል»፣ «ልጁ አላድግ አለኝ»። «በዚህ ሳምንት ምን ተበላ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ያው ነው፦ እንጀራ በሽሮ፣ ዳቦ በሻይ፣ ፓስታ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ «ጥሩ የውጭ ቫይታሚን ቢያዙልኝ?» የሚል ነው። በፕላስቲክ የታሸገ አረንጓዴ ዱቄት በብዙ ብር የገዙም አጋጥመውኛል። አረንጓዴ ቅጠል በዱቄት እየገዙ ጓሮውን በሲሚንቶ መድፈን ምን ይባላል?

ቁጥሩ ምን ይላል?

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገው ጥናት ከ100 አዋቂዎች 97ቱ ያህል እዚህ መጠን አልደረሱም። እ.ኤ.አ. በ2019 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት በአገር ደረጃ ከ100 ውስጥ 37ቱ፣ በአማራ ክልል 41 ያህሉ መቀንጨር ነበረባቸው። እህል በብዛት የሚመረትበት ክልል ነው። ጎተራው ሞልቶ ሳህኑ አንድ ዓይነት ከሆነ ልጅ ይቀነጭራል።

«ድሮ ጥሩ ነበር» ልል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 መቀንጨሩ ከ100 ሕፃናት 58 ይደርስ ነበር። ያ ልጅነታችን ገነት አልነበረም። ክረምቱ ሲከፋ ጎመን ብቻ የበላንበት ጊዜ ነበር። ጎመን ብቻውን ልጅ አያሳድግም፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላና ምስር ይፈልጋል። የምለው ሌላ ነው፦ ገቢያችን ሲሻሻል በጎመኑ ላይ እንቁላሉን መጨመር ሲገባን፣ ጎመኑን ጥለን ፓስታ አመጣን።

ለምን ጣልነው?

እውነቱን እንነጋገር፤ አፍረንበት ነው። በመስከረም የጎመኑ ምንቸት ወጥቶ የገንፎው ይግባ እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ጎመን በአእምሯችን የክረምት ችጋር ነው። እንግዳ ሲመጣ ጎመን ማቅረብ ውርደት መሰለን። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ግን የጎመንን ዘመድ «ኬል» ብለው በውድ ይገዙታል። የሐበሻ ጎመን መነሻው እዚሁ ደጋችን ነው። እናታችሁ ምጣድ የምታስስበት ጎመንዘርም የዚሁ ተክል ፍሬ ነው።

ከተማ ስንገባ በጎመን ፋንታ ቆስጣ ለመድን። ቆስጣ ክፉ አይደለም። ግን ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ስለሚይዘው ሰውነታችን ብዙውን አያገኘውም። የጎመን ካልሲየም ግን በደንብ ይወሰዳል። «ደም ይተካል» ተብሎ የሚጠጣው የቀይ ሥር ጭማቂም ቀለሙ እንጂ ብረቱ ብዙ አይደለም። የናቅነው ጎመን ካከበርናቸው አያንስም።

ምክንያቶቻችሁን አውቃቸዋለሁ

1. «ውርጩ ያቃጥለዋል።» ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይጨክናል። ቲማቲምና ቃሪያ ተክላችሁ ከሆነ እውነታችሁን ነው። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቀይ ሥር ግን ብርድ ይችላሉ። ችግኙን ፀሐይ ከሚያገኘው የድንጋይ ግድግዳ ሥር ትከሉ፤ ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ይይዝላችኋል። በውርጭ ወቅት ማታ ማታ በገለባ ወይም በኬሻ ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። እናቶቻችን አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ያለ ግሪንሃውስ ጎመን አብቅለው አሳድገውናል።

2. «ቦታ የለኝም፣ ተከራይ ነኝ።» አሮጌ ጀሪካን አፉን ቁረጡ፣ ሥሩን ብሱ፣ አፈር ሙሉ። ባዶ የዱቄት ከረጢትም ይሆናል። ቤት ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። የቀለምና የኬሚካል ዕቃ ግን አትጠቀሙ።

3. «ጊዜ የለኝም።» ስልክ ላይ በቀን ስንት ሰዓት ታሳልፋላችሁ? አሥር የጎመን እግር ለማጠጣትና ለመኮትኮት በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። ወንዶች ሆይ፣ ይሄ በተለይ ለእናንተ ነው። ያ የምንናፍቀው ጓሮ የእናቶቻችን ወገብ ነበር። ዛሬ ጓሮው ሲመለስ ሥራው እንደገና በሚስት ላይ እንዳይጫን፤ ጀሪካኑን እናንተ አንሱ።

4. «አፈሩ ደክሟል።» ደክሟል፤ ምክንያቱም እበቱን ኩበት አድርገን አነደድነው። ማገዶ ስለሌለ ነው፤ አልፈርድም። ቢያንስ የአትክልት ልጣጩን፣ የቡና አተላውንና ገለባውን አብስላችሁ ኮምፖስት አድርጉት። ትኩስ እበት ግን ቅጠል ላይ አታድርጉ፤ ተውሳክ ይዞ ይመጣል።

እንዴት ይበላ?

ጎመኑን ለረጅም ሰዓት ቀቅላችሁ ውሃውን የምትደፉ ከሆነ፣ ፎሌቱንና ቫይታሚን ሲውን አብራችሁ ደፋችሁት። በጥቂት ውሃ፣ ተከድኖ፣ ለአጭር ጊዜ ይብሰል። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይግባበት፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ አይወሰድም። ሎሚ ጣል አድርጉበት፣ ብረቱን ይስብላችኋል። ቡናና ሻይ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይዘግዩ፤ ብረቱን ስለሚይዙት። ጨዉ አዮዲን ያለው ይሁን፤ ደጋው እንቅርትን ያውቀዋል። በጾም ወራት ደግሞ ሽሮው ብቻውን አይቅረብ፤ ጎመንና ካሮት አጠገቡ ይኑር። ከከተማ ፍሳሽ ጋር በተቀላቀለ ወንዝ ጓሯችሁን አታጠጡ፤ ለታይፎይድና ለአሜባ በር መክፈት ነው። ሰላጣ ጥሬውን ስለሚበላ በንጹሕ ውሃ በሚገባ ይታጠብ።

ጓሮ መድኃኒት ቤት አይደለም

ዋርፋሪን የምትወስዱ ሰዎች የጎመን መጠናችሁን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ በድንገት አትጨምሩ፣ አትቀንሱም። የኩላሊት ድክመት ያለባችሁም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ነፍሰ ጡሮች፣ የታዘዘላችሁን አይረንና ፎሊክ አሲድ በጎመን አትተኩት፤ ሁለቱም ያስፈልጋችኋል። የግፊት መድኃኒቱን አቁሞ ነጭ ሽንኩርት የሚያኝክ ሰው ደግሞ በራሱ ላይ እየፈረደ ነው። ደም ማነስም ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ሳትመረመሩ «ጎመን እበላለሁ» ብላችሁ አትቀመጡ።

ከዚህ ውጭ ያለነው ሁላችን ምን ቀረን? እጃችን ኩትኮታ ያውቃል፤ በልጅነታችን ተምረነዋል። ልጆቻችን ግን አያውቁም። የደብረ ብርሃን ልጅ ጎመን ከሱቅ የሚመጣ መስሎት ሊያድግ ነው። እኛ ያልመለስነውን ጓሮ እሱ ከየት ያገኘዋል? የማናስተምረው እኛ ከሆንን፣ ከእኛ ጋር ይቀበራል።

እኔ ባለፈው ዓመት ከግቢዬ ሲሚንቶ አንድ የበር ስፋት ያህል አስፈረስኩ። ጎረቤት «ዶክተር ቸገረው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። በሦስተኛው ወር ልጄን «ጎመን ቀንጥሰሽ ነይ» ብዬ ላክኋት። ከሥር ከሥሩ ቅጠሉን ቀንጥሱ እንጂ አናቱን አትንኩት፤ ደጋግሞ ይሰጣችኋል ብዬ አሳየኋት። እናቴም እንዲሁ ነበር ያሳየችኝ።

በዚህ ሳምንት አንድ ጀሪካን ቁረጡ። ይህን ጽሑፍ ግቢውን በሲሚንቶ ለሞላው ወንድማችሁም አጋሩት።

ጤና ይብዛላችሁ።